ከሽቦ በታች

«ዘርጋው እና ልጆቹ» ይል ነበር በሩ፣
ቀዩ ቀለም ለቆ፣ ተልጦ ዳር ዳሩ።
ዘርጋው ልጅ የለውም። ሰፈሩ ያውቃል፤
ስንጠይቀው ግን ወደ ማሽኑ ያያል፤
«ገና እየተወለዱ ነው» ይላል፣
«ቀለም ይድረቅላቸው።»

የኔ ደሞዝ በሳምንት ስድስት ብር፣
ሥራዬ ፊኛ መሙላት ነበር፦
ከሰው አፍ በምትወጣ ነጭ እንቁላል ውስጥ
ፊደል በብዕር ጫፍ ማስቀመጥ።
እንቁላሏ ጠባብ፣ ፊደላችን ሰፊ፣
«እንደምን አመሻችሁ» እንኳ ነበር ተራፊ።
ስለዚህ ጀግኖቹ ዝምተኛ ወጡ፤
«ተው!» ይላሉ ብቻ። «ና!» «ቁም!» «መጡ!»
አንባቢ አደነቀ፣ «ወይ ቁጥብነቱ!»
ቦታ ጠፍቶ እንጂ ሌላ አይደል ምክንያቱ።

ክንፈ ቀን ቀን ፖስታ ቤት ማኅተም ይመታል፣
ሲመሽ ከሠራተኛ ሰፈር ቆርቆሮ ላይ ይነሣል።
ትርንጎ፣ የስልክ ቤቷ፣ ገመድ ስትሰካ
በከተማው ያለ ውሸት ሁሉ ለካ
በጆሮዋ ያልፋል፤ ትለየዋለች በሳሉ።
ሙጬ ሊስትሮው አለ፤ ቀለም ነው ኃይሉ፤
በቦረሸው ጫማ፣ በጥቁሩ መስታወት
የባለጫማውን ነገ ያያል፤ የራሱን ግን
ባዶ እግሩን ነውና አያይበት።

አንድ ቀን ከሳንሱር ቢሮ ደብዳቤ መጣ፦
«የሚበረው ሰውዬ ከግቢው ጣራ በላይ እንዳይወጣ።»
ዘርጋው አነበበ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደገመ፤
አምዴ፣ ሰዓሊያችን፣ ማስመሪያውን አጋደመ፤
ከመብራት ኃይል ሽቦ በታች አንድ መስመር አሠመረ።
ክንፈ ከዚያ ወዲህ አጎንብሶ በረረ፣
በተሰጣ አንሶላ እየተደናበረ።
ልጆች ይብስ ወደዱት፤ ቅርብ ነዋ! የሚነካ!
ሰልፉ ቅዳሜ ጠዋት ዶሮ ማነቂያን ነካ።

ደብዳቤ ይጻፍለት ነበር፣ «ለክንፈ፣ ዋና ፖስታ ቤት»፤
ወደኛ ይመለሳል፣ ማኅተም ተመትቶበት፦
«በዚህ ስም የሚሠራ የለም፤
ካለም አልነገረንም።»

አምዴ የደብር ልጅ ነው፣ የቤተ መቅደስ ግድግዳ ያሳደገው፤
ለደግ ሁለት ዓይን፣ ለክፉ አንድ፣ በጎን ነው የሚያደርገው።
እጁ ሌላ አያውቅም።

ዘመን ተገለበጠ። ክንፈ ካባው ተገፈፈ፣
ካኪ ለበሰ፤ በፊኛው «ወደፊት» ተጻፈ።
(እኔ ነኝ የጻፍኩት። ልክክ ብሎ ገባ።)
በአርባ ሦስተኛው ቁጥር፣ ገጽ ዘጠኝ፣ ከታች በስተግራ
ባለ ሽጉጥ ሰው ቆሟል፣ ቀበሌው ደጅ፣ ከሰልፈኛ ጋራ፤
በጎን ነው። አንድ ዓይን።
ስህተት ይሁን ድፍረት አልጠየቅነውም፤ እጁ ነው ብለን።

ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ገጹን ዘረጉ፤
ጣት እያስኬዱ ዓይን ቆጠሩ፣ የጎደለውን ፈለጉ።
«ሌላኛውስ?» አሉ።
አምዴ «ከማዶ ነው» አላቸው፣ «በወረቀቱ ጀርባ»።
ገለበጡት፤ የሳሙና ማስታወቂያ፣ አረፋና አበባ።

ኮቱን እንኳ ሳይለብስ ወጣ።

ማሽኑ ታሸገ። ዘርጋው የበሩን ሰሌዳ በመሮ አወለቀ፤
«ልጆቹ» የሚለውን ብቻ ቆርጦ በእሪ በከንቱ ቁልቁል ራቀ።

ዛሬ ሰባ ሦስት ዓመቴ። ፒያሳ ወጥቼ ነበር፤
ቤቱ የለም። ደረጃው የለም። አዲስ ንጣፍ፣ አዲስ ወንበር።
ተቀምጬ ቀና ስል አንድ ነገር ጎደለ፤
ሽቦው! መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ሰማዩ ባዶውን ዋለ።
አንድ ልጅ፣ «አባባ፣ ምን ጠፋዎት?» ብሎ ጠየቀኝ፤
«የሚያልፍ ሰው» ልለው ስል ሳቄ ቀደመኝ።

ክንፈ ያን ሁሉ ዘመን አንገቱን ደፍቶ የበረረው
ይኸው ተነሣለት፤ ማን ይንገረው?
ጣቴ ቢንቀጠቀጥም ለአንዲት ፊኛ አያንስም፤
«ቀና በል»፤ አራት ፊደል፤ ከዳር ዳር አይፈስም።
ይበቃዋል ቦታው፤
ሥዕሉ ነው የሌለው።